የፍሬን ሸራ በገዛ እጅ

እሷ፦ የሰንጋ ተራ 40/60 ኮንዶሚኒየም ነዋሪ መኪናውን እዚያው ግቢው አቁሞ የፊት ፍሬን ሸራውን ራሱ ቢቀይር ምን ትላለህ?

እሱ፦ መሬቱ ደልዳላ ከሆነ ይቀይር እላለሁ። ቪትዝን ብንወስድ ጎማው ከወጣ በኋላ ካሊፐሩን የያዙት ሁለት ቡሎኖች ናቸው።

እሷ፦ እኔን የሚያስፈራኝ ክሪኩ ነው።

እሱ፦ ልክ ነሽ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ይወድቃል። መደገፊያ ብረት ከሥሩ ይግባ፣ የኋላ ጎማዎቹም ታኮ ይደረግላቸው። ካሊፐሩ ደግሞ በዘይት ቱቦው አይንጠልጠል፤ በሽቦ ይታሰር። ከዚያ ፒስተኑ ቀስ ተብሎ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ አለዚያ አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለሆነ አይገባም። ያኔ የፍሬን ዘይቱ ከፍ ስለሚል ማጠራቀሚያውን ማየት ነው፤ ከፈሰሰ የመኪናውን ቀለም ይበላል።

እሷ፦ አቧራውንስ? እፍ እያሉ የሚያጸዱ አያለሁ።

እሱ፦ በፍጹም! አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

እሷ፦ ሸራውን ለመቀየር የቦሎ ምርመራ እስኪደርስ መጠበቅ ግን ትልቅ ስህተት ነው። በቸርችል ጎዳና ቁልቁለት የሚመላለስ መኪና ሸራው ቶሎ ያልቃል። በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው እኮ!

እሱ፦ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲቀረው ይቀየር፤ የግራና የቀኙ አንድ ላይ። አንዱ ብቻ ከተቀየረ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። አዲሱን ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስትሄዱም አሮጌውን ለማመሳከሪያ ያዙ።

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ ሥራው ሲያልቅ መኪናዋን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ እርገጡት። ካልጠነከረ አትንዱ፤ መካኒክ ጥሩ።