ስለ ምእመናን ኀዘንና ስለ እረኞች ዕንቅፋት
በቁምስናው የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ንግግር



የኢዮቤልዩ በዓል የምስጋና በዓል ነው። በሐዋሳ መሃል ከተማ የተሰበሰበው ይህ ማኅበረ ክርስቲያን ስለ ተቀበለው ጸጋ እግዚአብሔርን በሚያመሰግንበት ቀን፥ ስለ ተሠራው መልካም ሥራ ብቻ መናገር በቀለለ ነበር። ዳሩ ግን በኦሪት ሕግ ኢዮቤልዩ የእልልታ ዓመት ብቻ አልነበረም፤ የተሸጠ ርስት ለባለቤቱ የሚመለስበት፥ ባሪያም አርነት የሚወጣበት ዓመት ነበር። ስለዚህ በምእመናን ልብ ተሸሽጎ የቈየውን አንድ ኀዘን በዚህ ቀን በግልጥ ማንሣት ከበዓሉ ሥርዓት የወጣ አይደለም። ይኸውም በቤተ ክርስቲያን መሪዎች ላይ ስለ ታየው ነውርና ስለ አመራሩ መናወጥ ምእመኑ የሚያዝነው ኀዘን ነው። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በኢትዮጵያ ካቶሊኮች ጥቂቶች ናቸው፤ በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከመቶው አንድ እንኳ አልሞሉም። ጥቂት ሕዝብ ደግሞ ዘወትር በጎረቤቱ ዓይን ሥር ይኖራል። በሐዋሳ አንድ ካቶሊካዊ ቤተ ሰብ ከኦርቶዶክሳዊውና ከፕሮቴስታንቱ ጋር በአንድ ግቢ ቡና ይጠጣል፤ በአንድ ዕድር ይቀብራል። በሩቅ አገር ስለ አንድ ካህን ወይም ስለ አንድ ጳጳስ የተሰማው ክፉ ወሬ በእጅ ስልክ በዚያው ዕለት ይደርስና ጥያቄው በቡናው ላይ ይነሣል። ልጇን ለመቅደስ አገልግሎት የሰጠች እናት ምን ትመልሳለች? ዝም ብትል ያፈረች ትመስላለች፤ ብትከራከር ለነውሩ ጠበቃ የቆመች ትመስላለች። ወደ ቤቷም ስትገባ ያው ጥያቄ ከልጇ አፍ ይጠብቃታል።

በ2018 ይህ ኀዘን በዓለም ሁሉ ላይ ወጣ። የዋሽንግተን ሊቀ ጳጳሳት የነበረው ቴዎዶር ማካሪክ በዚያ ዓመት ከካርዲናልነት ወረደ፤ በየካቲት 2019 ደግሞ ከክህነት ማዕርግ ተሰናበተ። ቫቲካን በ2020 ያወጣው ከ400 ገጽ የሚበልጥ ምርመራ እንዳሳየው፥ ስሟ ያልተገለጠ አንዲት እናት በ1980ዎቹ ዓመታት ስለዚሁ ሰው ለታላላቅ የቤተ ክርስቲያን ሹማምንት ደብዳቤ ጽፋ ነበር። በቀል ፈርታ ስሟን አልጻፈችም፤ ደብዳቤዋም ፍሬ ሳያፈራ ቀረ። ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ አለፈ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከኀጢአተኛው ይልቅ ምእመኑን የሚያስጨንቀው ይህ ነው፤ ሰው መውደቁ ሳይሆን፥ የወደቀውን እያዩ ዝም ያሉት ሰዎች ብዛት።

በኢትዮጵያ ልማድ ለዚህ ዝምታ የሚጠቀስ አንድ የታወቀ ምክንያት አለ፤ የአባት ገበና አይገለጥም የሚል ነው። ለምስክርም የኖኅ ልጆች ይጠራሉ። ሴምና ያፌት ፊታቸውን ወደ ኋላ መልሰው የአባታቸውን ዕራቁት ሸፈኑ፤ ተባረኩም፤ የካም ልጅ ከነዓን ግን ተረገመ። ምክሩ ከአክብሮት የመነጨ ነውና መናቅ አይገባውም። ካህን ሰው ነው፤ ቍጣው፥ ድካሙ፥ የቋንቋው ጕድለት በየመንገዱ ሊዘራ አይገባም። ነገር ግን ኖኅ በገዛ ድንኳኑ ሰክሮ ተኛ እንጂ በማንም ልጅ ላይ እጁን አላነሣም። ልብሱ የተጣለው ባፈረ ሽማግሌ ላይ ነው፤ በተበደለ ሕፃን ላይ አይደለም። የተበደለ ሰው ባለበት ስፍራ ያንኑ ልብስ የሚዘረጋ ሰው የሴምን ሥራ እየሠራ ከመሰለው እጅግ ተሳስቷል። ጌታ ራሱ ታናናሾችን ስለሚያሰናክል ሰው ሲናገር የወፍጮ ድንጋይና የባሕር ጥልቅ እንጂ መሸፈኛ ልብስ አላነሣም።

የእረኞች መናወጥ ለዚህች አገር አዲስ ነገር አይደለም። እንዲያውም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ገና በሕፃንነቷ የተገናኘችው ከዚህ መከራ ጋር ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው ፍሬምናጦስ ጵጵስናን የተቀበለው ከእስክንድርያው ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ነበር። የአርዮስ ክህደት በቄሣር ኃይል ተደግፎ በተነሣ ጊዜ አትናቴዎስ ከመንበሩ ተባረረ፤ በዘመኑ ሁሉ አምስት ጊዜ ተሰድዷል። በምትኩም ጊዮርጊስ የተባለ የቀጰዶቅያ ሰው በወታደር ተከቦ ገባ። በ356 ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ቈስጣንዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ላከ። ፍሬምናጦስ ወደ ግብፅ ይመለስ፤ በዚያም በጊዮርጊስ ፊት ቆሞ ስለ ሃይማኖቱና ስለ ሹመቱ ይመርመር የሚል ነበር። አትናቴዎስ ደብዳቤውን በመልስ ጽሑፉ ውስጥ አግብቶ ስላቈየው እስከ ዛሬ ይነበባል።

ያ ዘመን ለምእመን ምን ያህል አስጨናቂ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። መንበሩ የቅዱስ ማርቆስ መንበር ነው፤ በላዩ የተቀመጠው ሰው ግን ሃይማኖትን የሚያፈርስ ነው። በ359 በአሪሚኑም የተሰበሰቡት ከ400 የሚበልጡ ጳጳሳት ተጨንቀውና ተታልለው በማይገባ ቃል ላይ ፈረሙ። በእስክንድርያ ግን ሕዝቡ ከጊዮርጊስ ጋር መጸለይን እንቢ ብሎ ከከተማ ውጭ በመቃብር ስፍራ ሲጸልይ ወታደሮች መጡበት። ሸማኔው፥ ነጋዴው፥ ደናግሉና መበለቶቹ ሃይማኖታቸውን አልለቀቁም። እንግሊዛዊው ዮሐንስ ሄንሪ ኒውማን በ1859 ይህን ታሪክ አንሥቶ፥ በዚያ ዘመን ከብዙ ጳጳሳት ይልቅ እምነትን የጠበቀው የተጠመቀው ሕዝብ መሆኑን ጻፈ። ስለዚህም ጽሑፍ በሮማ ዘንድ ለብዙ ጊዜ ተጠረጠረ፤ በኋላ ግን ካርዲናል ሆነ፥ በ2019ም ከቅዱሳን ተቈጠረ። ኢትዮጵያም እስከ ዛሬ የአባ ሰላማን ስም በቅዳሴና በገድል ታከብራለች፤ የጊዮርጊስን ስም የሚያውቀው ግን ታሪክ አንባቢ ብቻ ነው።

ከዚህ ይልቅ ለካቶሊካዊ ጆሮ የሚከብድ ሌላ ታሪክ አለ፤ በበዓል ቀንም ብዙ ጊዜ ይታለፋል። በ1603 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ኢየሱሳዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ ቋንቋውን ተምሮ፥ የአገሩን ሰው አክብሮ፥ በትዕግሥት አስተማረ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊካዊ እምነትን በይፋ ተቀበሉ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ዐረፈ። ከእርሱ በኋላ በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሌላ ሰው ነበር። በ1626 በደንቀዝ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማ መንበር መታዘዛቸውን በመሐላ ካረጋገጡ በኋላ፥ የተጠመቀው ሕዝብ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱ እንደ ገና እንዲካኑ፥ ታቦታቱ እንደ ገና እንዲባረኩ፥ ጾሙና በዓሉ በላቲን አቈጣጠር እንዲሆን አዘዘ። በአባቶቹ ጥምቀት የሚያምን ገበሬ፥ ያ ጥምቀት ከንቱ ነበር የሚል አዋጅ ሲሰማ ያደረበትን ነገር ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም። አገሩ በዐመፅ ተናወጠ። በ1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት በአንድ ቀን በሺህ የሚቈጠር የአንድ አገር ሕዝብ ካለቀ በኋላ፥ ሱስንዮስ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ፤ መንግሥታቸውንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያንም ተባረሩ።

ሜንዴዝ በገንዘብም በሥጋም ነውር የሚከሰስ ሰው አልነበረም። የተማረ ነበር፤ ስለ ሃይማኖቱም ቀናተኛ ነበር። የእርሱ ዕንቅፋትነት ሕዝቡን ሳይሰማ ማዘዙ ነው። የካቶሊክ ጸሐፊዎች ጥፋቱን ሁሉ በፋሲለደስ ጭካኔ ላይ ሲጥሉት ሊያሳፍራቸው ይገባል፤ ፓትርያርኩ የዘራውን ያጨዱት በኋላ የቀሩት ድኾች ካቶሊኮች ናቸውና። ሁለቱ ካፑቺኖች፥ አጋታንጀሎና ካሲያኖ፥ በ1638 በጎንደር ተሰቅለው የሞቱት በዚያ ቍጣ መካከል ነው። ይኸው አጋታንጀሎ በካይሮ ሳለ፥ በዚያ የሚኖሩት የኤውሮጳ ካቶሊኮች ኑሮ አሳፋሪ ስለ ነበረ፥ ቅብጦች ወደ አንድነት እንዳይመጡ ያገዳቸው ይህ ዕንቅፋት መሆኑን ሳይሸሽግ ለሮማ ጽፎ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በ1905 ብፁዕ ብላ ስትጠራው ያን ደብዳቤውን እንደ በደል አልቈጠረችበትም።

ከ200 ዓመት በኋላ ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ በ1839 ዐድዋ ሲደርስ ከሜንዴዝ መንገድ ራቀ። የአገሩን ልብስ ለበሰ፤ የአገሩን ጾም ጾመ፤ የግዕዝን ሥርዓት አከበረ። የጎጃሙ መነኵሴ አባ ገብረ ሚካኤልም ቀርቦ ከመረመረው በኋላ ወዳጁ ሆነ፥ በ1855ም በእስር ሞተ። የሜንዴዝን ቍስል ለማዳን የተጀመረው በዚህ ዓይነት ነበር፤ በክርክር ሳይሆን በኑሮ።

ሐዋሳ በ1969 ሐዋርያዊት ፕሬፌክቱራ፥ በ1979 ሐዋርያዊት ቪካርያት ሆነች። ብፁዕ አቡነ አርሚዶ ጋስፓሪኒ በደርግ ዘመን የመሯትን መንጋ፥ ካህን በማይደርስበት መንደር ሁሉ እሑድ እሑድ ሰብስበው ያስጸለዩ ካቴኪስቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም ገበሬዎች ነበሩ። ብፁዕ አቡነ ጆቫኒ ሚልዮራቲ በ2016 ባረፉ ጊዜ፥ ተከታያቸው ብፁዕ አቡነ ሮቤርቶ በርጋማስኪም በ2020 ወደ ጋምቤላ በተዛወሩ ጊዜ፥ ጸሎቱ አልተቋረጠም። ነገር ግን ባዶ መንበርና የተካደ መንበር አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ምእመኑ በትዕግሥት ይሸከመዋል፤ ሁለተኛውን በትዕግሥት ብቻ ተሸከመው ማለት ግን ሸክሙን አለማወቅ ነው።

ታዲያ ያዘነ ምእመን ምን ያድርግ? ትቶ መሄድ እንደ መልስ የሚታያቸው አሉ፤ በዚህም ከተማ የሄዱ አሉ፤ ሊፈረድባቸው አይገባም። ሆኖም የሄደው ሰው የተበደለውን ሕፃን ከነበደሉ ትቶት ይሄዳል። በስውር ማማትም ሌላው መንገድ ነው፤ እርሱ ደግሞ ለሁሉ የቀለለ ስለ ሆነ ከሁሉ የበዛው ነው። ሐሜት ንጹሑን ካህን ከበደለኛው ጋር አንድ አድርጎ ይፈጫል። በመጽሐፈ ሶስና ያሉት ሁለት ረበናት የሕዝቡ ዳኞች ነበሩ፤ ሥልጣናቸውን ተማምነው ንጽሕቲቱን ሊያጠፏት ተነሡ። ጉባኤው ሹማምንት ናቸው ብሎ ወዲያው አመናቸው። ዳንኤል ግን አላማቸውም፤ ለያይቶ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቃቸው፤ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት። ሐሰታቸውን የገለጠው ምርመራው ነው። እንዲህ ያለው ምርመራ የተበደለውንም በሐሰት የተከሰሰውንም ያድናል፤ ስለዚህ ንጹሕ ካህን ሊፈራው አይገባም።

ይህ መንገድ በቤተ ክርስቲያን ሕግ ተከፍቷል። በ1983 የወጣው የላቲን ቀኖና በ212ኛው ቍጥር፥ በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን ቀኖናም በ15ኛው ቍጥር፥ ምእመናን በአክብሮት ሐሳባቸውን ለእረኞቻቸው የመግለጥ መብት እንዳላቸው፥ አንዳንድ ጊዜም ግዴታቸው እንደ ሆነ ይናገራሉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2019 «ቮስ ኤስቲስ ሉክስ ሙንዲ» የተባለውን ሥርዓት አወጡ፤ በ2023ም አጽንተውት በዚያው ዓመት ከሚያዝያ 30 ቀን ጀምሮ ጸና። በዚህ ሥርዓት ካህንና መነኵሴ በሕፃናት ወይም በደካሞች ላይ የተፈጸመውን የነውር ወንጀል፥ ወይም ጳጳስ እንኳ ቢሆን ያን የሸሸገ መሆኑን፥ ሲያውቁ ወዲያው የመናገር ግዴታ አለባቸው። በንስሐ የተነገረው ግን እንደ ጥንቱ የታተመ ነው። ማንኛውም ምእመን አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ አቤቱታ ያቀረበውም ሰው ዝም በል ተብሎ አይታዘዝም፥ በዚህም ምክንያት ጕዳት እንዳይደርስበት ተከልክሏል። የአገሩም መንግሥት ሕግ እንደ ተጠበቀ ይኖራል።

ሥርዓቱ እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት አቤቱታ የሚቀበልበትን፥ ለሕዝብ የታወቀና በቀላሉ የሚደረስበት መንገድ እንዲያቆም ያዝዛል። የታወቀ ማለት በቢሮ መዝገብ የተጻፈ ማለት አይደለም፤ ከገጠር ለቅዳሴ የመጣች እናት የምታውቀው ማለት ነው። የማንኛውም ቁምስና ምእመናን ያ ተቀባይ ማን እንደ ሆነ፥ በየት እንደሚገኝ ቆሞሳቸውን ቢጠይቁ በሕግ የተሰጣቸውን መጠየቃቸው ነው። ቆሞሱም ስሙን ከቅዳሴ በኋላ በአማርኛና በሲዳምኛ ቢያስነብብ፥ በቤተ ክርስቲያኑም በር ላይ ቢለጥፈው፥ ማንም ሊከለክለው አይችልም።