አራስ ስንጠይቅ ምን እንጠይቃለን?

(በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁኝ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዕድሜዬን በጽሕፈት ሥራ ጨርሼ ዛሬ ጡረታ ላይ ነኝ። ስለ ነፍሰ ጡርና ስለ አራስ ጭንቀት ተናገር ስባል ያልሸሸሁት የነገሩ ግማሽ የፎርም ጉዳይ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ፎርም ደግሞ አውቃለሁ። አንዲት ባለጉዳይ እናት «ስንት ልጆች አሉዎት?» ስትባል «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ብላ ዝም ትላለች። ልጅ አይቆጠርማ! ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ ልክ ነው፣ ለእሷ ግን ልክ አይደለም።

ሴት በእርግዝናዋ ወራት ወይም ከወለደች በኋላ ሐዘን ሲጫናት፣ እንቅልፍ ሲነሳት፣ ሕፃኑ እንኳ ደስ አላሰኛት ሲል ሐኪሞች ድባቴ ይሉታል። በሽታ ነው እንጂ ክፋት አይደለም፤ ይታከማልም። ችግሩ ማወቁ ላይ ነው። ለዚህ በብዙ አገር የሚሠራበትን መጠይቅ በስኮትላንድ፣ በኤዲንብራ ከተማ፣ ዶክተር ጆን ኮክስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 አወጡት። 10 ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይታረማል። ሰውየው ቀደም ሲል ዑጋንዳ ሠርተው ነበርና የጋንዳ ሕዝብ ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ የአእምሮ ሕመም «አማኪሮ» የሚል የራሱ ስም እንዳለው ጽፈዋል። እንግዲህ ሕመሙ የፈረንጅ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ከጥያቄዎቹ አንዱ በእንግሊዝኛው አነጋገር ነገር ላይዋ ላይ ወጥቶባት እንደሆነ ይጠይቃል። እኛ «ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ» የምንለው ነው። ቃል በቃል ቢመለስ ግን «የምን መውጣት ነው?» ብላ የምታማትብ አትጠፋም!

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ይህንኑ መጠይቅ በቡታጅራ ገጠር ከዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ጋር አስተያይቶታል። ሁለተኛው 20 ጥያቄ ያለው ሲሆን ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ እንቅልፍ ጭምር ይጠይቃል፤ መልሱም አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው። ሕመምተኞቹን ለይቶ በማውጣት እሱ በለጠ፣ የኤዲንብራው ደከመ። ታዲያ በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት የኤዲንብራውን እዚሁ አዲስ አበባ በወለዱ እናቶች ላይ ሲሞክረው ደህና ሠራ። ባንድ አገር እንኳ ከተማና ገጠር እንዲህ ይለያያል።

እኛስ? አራስ ጥየቃ እንሄዳለን እንጂ መች እንጠይቃለን? ገንፎው ይቀርባል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ እሷም «ተመስገን» ትላለች። ሌላ ምን ትበል? በዚያ ሁሉ እንግዳና በአማቷ ፊት «ከፍቶኛል» ብትል ምስጋና ቢስ ልትባል ነው። ስለዚህ «ወገቤን» ትላለች፣ «ራሴን» ትላለች። ሰሚ ካገኘ እሱም መልስ ነው።

የሴቶች ኮሚቴያችን ይህን እንዲያደርግ እለምናለሁ። እንግዳው ሲወጣ የምታምናት አንዲት እናት ወደ ኋላ ትቅርና «ሕፃኑ ሲተኛ አንቺን እንቅልፍ ይወስድሻል? ሆድሽን ይብሰዋል?» ትበላት። መሞትን ተመኝተሽ ታውቂያለሽ ወይ ማለትም አያስፈራ፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣባትም። አዎ ካለች ብቻዋን አትተው፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ትወሰድ። ጠበል የሚሻ ቤተሰብ ጠበሉንም ይቀጥል፣ ሐኪሙን ግን አያስቀር።

የእድራችን ደንብ ገንዘብ የሚያወጣው ለቀብርና ለሐዘንተኛ ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለችው እናት የመኪና ኪራይ እንዲወጣ የሚል ማሻሻያ ለኮሚቴው በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ ድምፅ ይሰጥበት።