የአውድማው ትምህርት

የደሴን መንገድ አቧራ ከጫማችሁ ሳታራግፉ እንደገና ስለ አፈር ላወራላችሁ ነውና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አዘጋጆቹ «ስለዚያ የሪሞት መኪና ውድድር ንገረን» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ፤ ግን የምናገረው ስለ መኪናው ብቻ አይደለም፤ የራሴ ጥፋትም አለበት።

ነገሩ የተጀመረው ውጭ አገር የሚኖር አንድ ምሩቃችን በሪሞት የሚነዱ ሁለት መኪናዎች በላከልን ጊዜ ነው። የሕፃን መጫወቻ እንዳይመስሏችሁ። መጠናቸው የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ ነው፤ ሞተር፣ ባትሪ፣ ሞላ፣ ዲፈረንሻል ሁሉ አላቸው። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ በ1979 እ.ኤ.አ. ለአሸዋና ለአፈር የሚሆኑ ሞዴሎች አውጥቶ ነበር፤ በ1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ የዚህ ዓይነት መኪናዎች የዓለም ሻምፒዮና ተካሂዷል። እኔም ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና «ይኸው ላብራቶሪ!» አልኩ። ሰበቃ፣ ፍጥነት፣ ጉልበት፣ ሙቀት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ።

የቀረን መንገድ ብቻ ነበር። ከግቢው ዳርቻ አንድ ሜዳ አገኘን። መሬቱን ታውቁታላችሁ፤ ዋልካ ነው። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሸፍነው ይህ ጥቁር አፈር ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! በመስከረም መጨረሻ ግን መሬቱ ለስልሶ ሳየው «ይበቃል፣ ደልድሉት» አልኩ።

በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ስለ መንገዱ ስንነጋገር ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። የገበሬ ልጅ ነው፣ ዝምተኛ። «መምህር፣ ዋልካው ተነሥቶ ቀይ አፈር ቢለብስ፣ ከዚያ እንደ አውድማ በእበት ቢለቀለቅስ?» አለኝ። እኔ ምን አልኩት? «እዚህ ሳይንስ ነው የምናስተምረው፤ እበቱን ለእናትህ ተውላት» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጁ ተቀመጠ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሜዳው ላይ አልታየም።

ኅዳር ሲመጣ ሜዳችን ተሰነጠቀ። ስንጥቁ የትንሿን መኪና ጎማ እስከ ቸርኬው ይውጣል። ለዚህ መጠን ላለው መኪና ሁለት ሴንቲ ሜትር ጠጠር ማለት ለእናንተ መኪና ሃያ ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ማለት ነው፤ ስንጥቁንም በዚያው አስቡት። እኔ ስንጥቁን በዚያው ጥቁር አፈር አስሞላሁና ውኃ አስደፋሁበት። ጭቃ ሆነ። ጎማው ላይ ያሉት ሾጣጣ ጥርሶች ጭቃውን ጠቀጠቁና ድቡልቡል አሎሎ መሰሉ። «ንዳው፣ ይወጣል» አልኩ። ሞተሩ ሲያቃስት ቆየ፤ ከዚያ ጢሱ ወጣ። መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ነዳጅ ሞተር በአየር እጥረት አይደክምም፣ ሆኖም ስስ አየር ሙቀቱን ቶሎ አይወስድለትም። ይህንንም አስተምር ነበር። ከሁለቱ መኪናዎች አንዷ በእኔ ትእዛዝ ተቃጠለች።

ሦስት ቀን አልተኛሁም ብል ማጋነን ነው፤ ግን አንዱን ሌሊት በእርግጥ አልተኛሁም። በማግስቱ ልጁን ፈልጌ «አጥፍቻለሁ፤ ያልከው ትክክል ነበር» አልኩት። «ችግር የለውም መምህር» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ። ችግር እንዳለው ገባኝ። ቅዳሜ ዕለት ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ወቅቱ የጤፍ መውቂያ ነበርና እናቱ አውድማ ሲለቀልቁ ደረስኩ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ሳቁብኝ፤ የእሳቸው ሳቅ ግን አያቆስልም። «ልጄ፣ አውድማ በጉልበት አይሠራም፤ በጊዜ ነው እንጂ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሠራነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ መሥራት የሚፈልግ ይኖራልና። ዋልካውን አንድ ስንዝር ተኩል ቆፍረን አወጣን። በምትኩ ቀይ አፈር ከደቃቅ ጠጠር ጋር ደባልቀን ሞላን። መሃሉን ትንሽ ከፍ አድርገን በሁለቱም ጎን የውኃ መውረጃ ቦይ ቆፈርን፤ ከሥሩ ውኃ የሚቋጥር መንገድ ላዩ ቢያምርም አይቆይም። ማታ ማታ ውኃ እየረጨን በእግራችን ረገጥነው፣ ውኃ የሞላ በርሜልም አንከባለልንበት። ለመዝለያው ጉብታ አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር አቦካነው፣ ልክ እንደ ቤት ምርጊት፤ ጭዱ አፈሩን ይይዘዋል። በመጨረሻ እበት በውኃ በጥብጠን ለቀለቅን። ሲደርቅ ደገምነው። እበት ውስጥ ያለው ያልተፈጨ የሣር ጭረት ስንጥቅን ይከላከላል፣ ልስኑም አቧራውን ያፍናል። ጠርዙን በአሮጌ የውኃ ጎማ ከበብነው፤ መኪናዋ ብትገጨውም አትሰበርም።

መንገዱ ሲጠነክር ጎማው አልሆን አለ። ሾጣጣ ጥርስ የሚጠቅመው ለስላሳ አፈር ላይ ነው፤ እዚያ ይነክሳል። ጠንካራ ወለል ላይ ግን መሬቱን የሚነካው የጥርሱ ጫፍ ብቻ ስለሆነ ይንሸራተታል፣ ቶሎም ያልቃል። እዚያ የሚፈለገው ለስላሳ ላስቲክና ሰፊ መነካኪያ ነው። ከየት ይምጣ? አንድ ጎሚስታ አሮጌ ካላማዳሪ ሰጠን። እሱን በልክ ቆርጠን፣ ውስጡን ከአሮጌ ፍራሽ በወጣ ስፖንጅ ሞልተን፣ ጠርዙን ቸርኬው ላይ በሱፐር ግሉ አጣበቅን። ስፖንጁ ተጨቁኖ እንዲመለስ ቸርኬው ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ በሳን። መጀመሪያ አራቱንም ጎማ በካላማዳሪ አለበስን፤ መኪናዋ ኩርባ ላይ ተገለበጠች። የፊቱ ከልክ በላይ ስለያዘ ነበር። የፊቱን ወደ ድሮው ስንመልስ ተስተካከለች። ከውድድር በፊት ሜዳውን በመጥረጊያ ጠርገን ጥቂት ውኃ እናርከፈክፋለን፤ ጎማውንም በእርጥብ ጨርቅ እናብሳለን። ያቺን ጎማ ማበስ የረሳ ተሸነፈ።

በጥር ወር በአንዲት መኪና፣ በየተራ፣ በሰዓት እየለካን ተወዳደርን። የከተማው ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ የሠሯቸውን መኪናዎች ይዘው መጥተው ቦዩ ዳር አሰለፏቸው። ያ ልጅ አልነዳም። ውኃ ሲያርከፈክፍ ዋለ።

ከእኛ ብዙም በማይርቀው መቅደላ ላይ እስከ ዛሬ ያለውን ሴባስቶፖልን ታውቃላችሁ። ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር እዚያ ለማድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። ጊዜውን የበላው መድፉ ሳይሆን መንገዱ ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በዓይን ያዩ ጽፈዋል። መሣሪያ ከውጭም ከውስጥም ይመጣል። መንገዱን የሚያውቅ ግን የአገሩን አፈር የሚያውቅ ነው።

ለምሩቃኖቻችን ያለኝ ልመና ይህ ነው፦ መኪና ስትልኩ አመሰግናለሁ፤ መለዋወጫ ሞተርም አትርሱ። ለመምህራን፣ ከሁሉ በፊት ለራሴ፣ የምለው ደግሞ፦ ከኋላ ወንበር እጅ ሲወጣ ከመሳቃችን በፊት እንጠይቅ።

ያ ልጅ ዛሬ ተመርቆ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ታሪኩን ልናገር ብዬ ፈቃድ ስጠይቀው «ስሜን ብቻ አይጥሩ» አለኝ። ወጥቶ ሊሄድ ሲል ተመለሰና «ክፍሉ እንደሳቀ ግን ይንገሩ መምህር፤ ያልረሳሁት እሱን ነው» አለኝ። ይኸው ነገርኳችሁ። በዚያ ቀን ከሳቃችሁት አንዳንዶቻችሁም እዚህ አላችሁ። መጀመሪያ የሳቅሁት ግን እኔ ነበርኩ።