ጠበቃ፣ ሥነ ሥርዓት ሕግና ዲጂታል አሠራር፦ ከስዊድን ተሞክሮ ለኢትዮጵያ ሕግ አውጪዎች

በስቶክሆልም የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



በስቶክሆልም የሚኖር ኢትዮጵያዊ በአዲስ አበባ የውርስ ክርክር ሲገጥመው የመጀመሪያ ሥራው ለጠበቃ ውክልና መስጠት ነው። ለብዙ ዓመታት የተለመደው መንገድ የታወቀ ነው፤ የውክልናው ጽሑፍ ይዘጋጃል፣ ባለጉዳዩ በኤምባሲው ቀርቦ ይፈርማል፣ ሰነዱ ማኅተም አርፎበት ወደ አገር ቤት ይላካል፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያም በሕዝቡ ዘንድ እስከ ዛሬ «ውልና ማስረጃ» እየተባለ በሚጠራው መሥሪያ ቤት ይመዘገባል። የአያት ስም በአንድ ፊደል ከተዛነፈ ጉዞው እንደገና ይጀመራል። ጠበቃው በችሎት ለመቆም የሚችለው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ይርጋው ግን በዚህ ሁሉ መካከል መቁጠሩን አያቋርጥም።

ያው ሰው እዚሁ ስዊድን ውስጥ የግብር ማስታወቂያውን የሚያጸድቀው፣ ከባንኩ ጋር የሚዋዋለው፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚገናኘው በእጅ ስልኩ ነው። ባንክ አይዲ የተባለው የኤሌክትሮኒክ መታወቂያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን ዛሬ ከ8 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች አሉት፤ የአገሪቱ ሕዝብ 10 ሚሊዮን ተኩል ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል። ይህን ልዩነት ያየ ሰው «የኢትዮጵያ ጠበቆች ለምን አይዘምኑም?» ብሎ ለመጠየቅ ይቸኩላል። ጥያቄው ግን ቦታውን ስቷል።

ጠበቃ በሙያው ጠባይ ጥንቁቅ ነው። ተፈትኖ የታወቀ የአቤቱታ አቀራረብ እስካለ ድረስ በእርሱ መሄድን ይመርጣል፤ አዲሱ መንገድ ቢሰናከል ዕዳው የሚያርፈው እምነቱን በጣለበት ባለጉዳይ ላይ ነውና። በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተላከ ይግባኝ «በጊዜው አልደረሰም» ቢባል፣ የጠፋውን መብት የሚመልስ ዐውደ ጥናት የለም። የስዊድን ታሪክ የሚያሳየው ጠበቃው አሠራሩን የሚለውጠው በምክር ብዛት ሳይሆን የሥነ ሥርዓት ሕጉ ሲለወጥ መሆኑን ነው።

የስዊድን የሙግት ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1942 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ1948 በሥራ ላይ የዋለ፣ የዕድሜ ባለጸጋ የሆነ ሕግ ነው። ሕጉ ሳይሻር፣ በኅዳር 2008 እ.ኤ.አ. «ይበልጥ ዘመናዊ ሙግት» በሚል ስያሜ የሚታወቅ ማሻሻያ ተደረገበት። ከዚያ በፊት በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የተሰማ ምስክር፣ ይግባኝ ሲባል እንደገና ተጠርቶ በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፊት ይመሰክር ነበር። ማሻሻያው የምስክሩ ቃል በመጀመሪያው ችሎት በምስልና በድምፅ እንዲቀረጽ፣ በይግባኙም ደረጃ እንደ ደንቡ ቅጂው እንዲታይ አደረገ። ተከራካሪዎችና ምስክሮች በቂ ምክንያት ሲኖር በቪዲዮ ከሌላ ቦታ ሆነው እንዲቀርቡም ፈቀደ።

የዚህ ለውጥ ውጤት ከካሜራው በላይ ነው። ቀድሞ አንድ ጠበቃ በመጀመሪያው ችሎት ያመለጠውን ጥያቄ በይግባኝ ሊጠይቅ ተስፋ ያደርግ ነበር። ከማሻሻያው በኋላ ዋናው ጥያቄ የሚጠየቅበት ዕድል በተለመደው አካሄድ አንድ ብቻ ሆነ። የዝግጅቱ ክብደት ወደ ፊት ተገፋ፤ ማስረጃ ቀድሞ መለየት፣ የጥያቄውን ቅደም ተከተል ቀድሞ ማሰናዳት፣ በይግባኝም ጊዜ የቅጂውን ደቂቃ ጠቅሶ መከራከር የዕለት ሥራ ሆነ። ይህን ያደረገው ቴክኖሎጂን የማይወደው ጠበቃ ጭምር ነው፤ ሥራው የሚሠራበት ስፍራ ተለውጧልና። ለውጡ ነቀፌታ አላጣውም። በስክሪን የሚታይ ምስክር በተለመደው አካሄድ ተጨማሪ ጥያቄ አይጠየቅም፤ የተቀረጸው ጥያቄ ደካማ ከሆነ ድካሙ እስከ ይግባኝ ይከተለዋል። ሆኖም ምስክሩ ከዓመት በኋላ የደበዘዘ ትዝታውን ይዞ እንዲመለስ አይገደድም፤ በበደል ለተጎዳ ሰው ደግሞ ያንኑ ቁስል ሁለት ጊዜ አለመነካካት ቀላል ነገር አይደለም።

ተመሳሳዩ ነገር በግልግል ዳኝነትም ታይቷል። በ1917 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የስቶክሆልም ንግድ ምክር ቤት የግልግል ተቋም ከመስከረም 2019 ጀምሮ አዳዲስ ጉዳዮችን አንድ የጋራ የኤሌክትሮኒክ መድረክ ላይ ያስተናግዳል። ተከራካሪዎች፣ ጠበቆችና ገላጋይ ዳኞች ሰነድ የሚለዋወጡት እዚያው ነው። ወረርሽኙ በ2020 ሲመጣ መድረኩ ተዘርግቶ ቆይቷቸዋል፤ ተቋሙም በእርሱ ሥር ላልሆኑ ግልግሎች ጭምር በነጻ ከፈተው። ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ጠበቆች ስለ መድረኩ ፍቅር አልተጠየቁም፤ ጉዳዩ የሚገኘው እዚያ ስለሆነ ወደዚያ ሄዱ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የክፍያው ነገር ነው። በስዊድን በመንግሥት ወጪ የሚቆም ጠበቃ ለአብዛኛው ሥራው የሚከፈለው በሰዓት ሲሆን፣ የሰዓቱን መነሻ ዋጋ መንግሥት በየዓመቱ ይወስናል። በሰዓት የሚከፈለው ሰው የአራት ሰዓቱን ሥራ በአንድ ሰዓት የሚጨርስበት መሣሪያ ቢገዛ፣ ለመሣሪያው ከፍሎ ገቢውን ይቀንሳል። ቀለል ባሉ የወንጀል ጉዳዮች ግን ክፍያው በችሎቱ ርዝመት ላይ በተመሠረተ ቁርጥ ተመን ነው፤ እዚያ በዝግጅት ላይ የተቆጠበው ጊዜ ለጠበቃው ይቀራል። የተከላካይ ጠበቃ በጀት የሚመረምሩ የምክር ቤት ባለሙያዎች ይህን ቢያጤኑ ስለ «ዘመናዊነት» ከሚጻፉ ብዙ መግለጫዎች የሚበልጥ ውጤት ያገኛሉ።

ኢትዮጵያ ከባዶ አትነሣም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ዛሬ በተለምዶ «ፕላዝማ» የሚባለውን የቪዲዮ ችሎት ከክልል ከተሞች ጋር ካስተዋወቀ ቆይቷል፤ የሰበር ባለጉዳይ ለአንድ ቀጠሮ ከክልል አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ አልጋ ይዞ ከማደር የዳነበት ጊዜ አለ። ጠበቃው በየዕለቱ የሚተዳደርበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን በ1958 ዓ.ም. የወጣው ነው። ስለ አቤቱታ አቀራረብ፣ ስለ መጥሪያ አደራረስና ስለ ቀጠሮ የሚደነግገው ወረቀትና የሰው እግር ብቻ መልእክት በሚያደርሱበት ዘመን ነበር። አዲሶቹ አዋጆች በሩን ከፍተዋል፤ ወደ ችሎት የሚወስደው ኮሪደር ግን አሁንም የ1958ቱ ነው። ስዊድን በ2008 ያደረገችው ይህንኑ ኮሪደር ማስተካከል ነበር።

ሁለተኛው መነሻ የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። አዋጁ ጠበቆች በጥብቅና ድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ፈቅዷል፤ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርንም በሕግ አቋቁሟል። ለብቻው የሚሠራ ጠበቃ መዝገቡ በቦርሳው፣ ቀጠሮው በማስታወሻ ደብተሩ፣ የጉዳዩ ታሪክ በራሱ ትዝታ ነው። እርሱ ሲታመም ጉዳዩም አብሮ ይተኛል። አምስት ሆነው የሚሠሩ ጠበቆች ግን የጋራ የመዝገብ ሥርዓት ካልዘረጉ አብረው መሥራት አይችሉም፤ ወጪውንም ይካፈሉታል። ስለዚህ በድርጅት መደራጀትን የሚያቀልል ማንኛውም የግብርና የምዝገባ ውሳኔ በራሱ የቴክኖሎጂ ፖሊሲ ነው። ማኅበሩም ለአባላቱ በሚያዘጋጀው ሥልጠና ውስጥ የኤሌክትሮኒክ ማስረጃ አያያዝንና የመዝገብ አስተዳደርን ቢያካትት ከቦታው የወጣ አይሆንም።

የጠበቆች ሥጋት ሁሉ ግን ተራ ፍርሃት አይደለም። በ1887 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የስዊድን ጠበቆች ማኅበር አባላት የደንበኛቸውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታቸው በራሱ በሙግት ሥነ ሥርዓት ሕጉ ተጽፏል። ሰነዱ በማን ኮምፒውተር፣ በየትኛው አገር ሕግ ሥር ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ከዚህ ግዴታ የሚመነጭ ነው። የፖለቲካ ጉዳይ ለያዘ የኢትዮጵያ ጠበቃ ደግሞ ጥያቄው የደንበኛው ነጻነት ጥያቄ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በተመለከተም የኒው ዮርኩ ጉዳይ ይታወሳል፤ በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የሌሉ ፍርዶች ጠቅሰው አቤቱታ ያቀረቡ ጠበቆችን 5,000 ዶላር ቀጥተዋል። የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም በሥር ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ በሆነበት አገር፣ የተፈበረከ የሰበር ውሳኔ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይሆንም። መድኃኒቱ ግን መከልከል አይመስልም። ውሳኔዎቹ ሁሉ በነጻ፣ በቃል ሊፈለጉ በሚችሉበት መልክ ከታተሙ፣ ጠበቃው የተጠቀሰውን ውሳኔ በሁለት ደቂቃ ያጣራል፤ ዳኛውም እንዲሁ።

የስዊድን መንገድ የራሱ ክፍተት አለው፤ ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት እዚህ ያሉ ስደተኞች ናቸው። ባንክ አይዲ ለማግኘት የስዊድን የግል መለያ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ይህ ቁጥር የለውም። በስቶክሆልም የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሥር ባለው የስደተኞች ፍርድ ቤት ጉዳዩ የሚታይለት ሰው፣ መላ ሕይወቱ የሚወሰንበትን ሙግት የሚያካሂደው አገሬው ከሚጠቀምበት ዲጂታል በር ውጭ ቆሞ ነው። አስተርጓሚው በስልክ ወይም በቪዲዮ ሲቀርብ ድምፁ ከተቆራረጠ፣ በአማርኛ የተነገረው ቃል በመዝገቡ ላይ ሌላ ሆኖ ሊሰፍር ይችላል። ፋይዳ መታወቂያ ገና ያልደረሰው የገጠር ባለጉዳይም በኢትዮጵያ ተመሳሳይ ዕጣ ሊገጥመው ይችላል።

እንግዲህ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ማሻሻያ በሚረቀቅበት ጊዜ የምክር ቤት ባለሙያዎች ሊመለከቷቸው የሚገቡ አንቀጾች በግልጽ ሊነገሩ ይችላሉ። በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተላከ አቤቱታ እንደ ቀረበ የሚቆጠረው ከተላከበት ሰዓት ጀምሮ ነው ወይስ ሬጅስትራሩ ሲከፍተው? የፍርድ ቤቱ ሥርዓት በመጨረሻው ቀን ቢቋረጥ ጊዜው በሕግ ይራዘማል ወይስ ጠበቃው ምክንያቱን በማስረጃ ያስረዳ? በውጭ አገር ያለ ባለጉዳይ በኤሌክትሮኒክ ፊርማ የሚሰጠው የጥብቅና ውክልና፣ ወረቀቱ እስኪደርስ ድረስ ቢያንስ ይርጋን ለማቋረጥ ይበቃል? የወረቀቱ መስኮትስ ለማን፣ እስከ መቼ ክፍት ሆኖ ይቆያል? ለእነዚህ መልስ የያዘ አንቀጽ ሲወጣ በልደታም ሆነ በባሕር ዳር ያለው ጠበቃ ኮምፒውተሩን ሳይጎተጎት ይከፍታል።