በኤንዶስኮፒ ምርመራ ወቅት የታካሚውን ኦክስጅን መጠበቅ



ኤንዶስኮፒ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ በኩል ወደ ጨጓራ በማስገባት የሚደረግ ምርመራ ነው። ታካሚው እንዳይጨነቅ ብዙ ጊዜ የሚያረጋጋና የሚያስተኛ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጠዋል።

ይህ መድኃኒት ግን እስትንፋስንም ሊያዘገይ ይችላል። የጉሮሮ ጡንቻዎች ሲላሉ ምላስ ወደ ኋላ ወድቆ የአየር መተላለፊያውን ያጠባል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ አስቀድሞ ኦክስጅን በአፍንጫ በኩል ይሰጣል። በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ተጨማሪው በሳንባ ውስጥ መጠባበቂያ ይሆናል።

በጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ያሳያል። ቁጥሩ ከ90 በመቶ በታች ሲወርድ ባለሙያዎች አገጭን ወደ ላይ ያነሣሉ፣ ኦክስጅን ይጨምራሉ፣ ካስፈለገም ቱቦውን ያወጣሉ። ሆኖም ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ኦክስጅን የሚሰጠው ሰው እስትንፋሱ ቢቋረጥ እንኳ ቁጥሩ ወዲያው አይወርድም፤ በጠቆረ ቆዳ ላይም መለኪያው ከእውነተኛው መጠን ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። በመሆኑም አንድ ባለሙያ የደረቱን እንቅስቃሴ ያለማቋረጥ ይከታተላል።

ከዚህ ጥንቃቄ የሚበልጠው ክፍል ግን የሚጀምረው ከታካሚው ቃል ነው። «ተራዬ ያልፈኛል» በሚል ሥጋት ጠዋት ቁርስ መቅመሱን የሚደብቅ ሰው አለ። በተኛበት ጊዜ ያ ምግብ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በጥቅሉ ጠጣር ምግብና ወተት ቢያንስ ከ6 ሰዓት፣ ውኃ ደግሞ ከ2 ሰዓት በፊት መቆም አለባቸው፤ ሐኪሙ ከዚህ የረዘመ ጊዜ ካዘዘ ያንን መጠበቅ ይገባል። ሲተኛ ከፍ አድርጎ የሚያንኮራፋ፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር። የጥፍር ቀለምም ይለቀቅ፤ የመለኪያውን ንባብ ሊያዛባ ይችላልና።

ኮቪድ-19ን በተመለከተ ይህ እውነተኝነት የበለጠ ዋጋ አለው። በሽታው የትንፋሽ ማጠር ሳይሰማ ኦክስጅንን ሊቀንስ ይችላል። ቱቦው ሲገባ የሚነሣው ሳልም ቫይረሱን በክፍሉ ውስጥ ይበትናል። ሳል ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው ከቀጠሮው በፊት ለጤና ተቋሙ በስልክ ያሳውቅ፤ አስቸኳይ ያልሆነ ምርመራ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል። ደም የሚያስመልሰው ወይም ሰገራው የጠቆረ ሰው ግን ቫይረሱን ፈርቶ በቤቱ አይቆይ፤ ምልክቱን እየተናገረ፣ ጭምብል አድርጎ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ከምርመራው በኋላ ታካሚው ብቻውን አይመለስ፤ በዕለቱም መኪና አይንዳ። የተላለፈ ቀጠሮ በሌላ ቀን ይተካል፤ የተደበቀ ምልክት የሚያስከትለው ጉዳት ግን ሁልጊዜ አይመለስም።