የቦይ ቁፋሮና የኬንያ ተራራ
(በተማሪዎች ኅብረት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የኅብረቱ ጸሐፊ ስለ ኬንያው ጉዞ እንድንናገር ሲጠይቀን፣ «አጭር ይሁን፤ ፎቶግራፍ ማሳየት የለም» ብሎናል። ስለዚህ ፎቶግራፉን በየኪሳችን ትተን፣ ዛሬ ማታ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ልታውቁት የሚገባውን ብቻ እንናገራለን። ለውሳኔ የቀረበው ጉዳይ የሚመጣው ዓመት ጉዞ ይደረግ ወይስ ይቅር የሚል ነው። የሚቃወሙት ጓደኞቻችን ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው፣ «ለመቆፈርማ የገዛ አገራችን መሬት መች አነሰ?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «የሚሄደው አባቱ ገንዘብ ያለው ብቻ ነው» የሚል ነው። ሁለቱም የሚናቁ ጥያቄዎች አይደሉም።

ባለፈው የካቲት አሥራ ስምንት ተማሪዎችና ሁለት መምህራን ሆነን በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ አድርገን በሁለተኛው ቀን ሞያሌ ገባን። ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀት ካሳየን በኋላ በወዲያኛው በኩል ሌላ አውቶቡስ ተሳፈርን። በኬንያ መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ስለ ሆነ፣ ከፊት የተቀመጡት ጓደኞቻችን የመጀመሪያውን ሰዓት በየመታጠፊያው ዓይናቸውን እየጨፈኑ ነው ያለፉት። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሮ መንገደኛ በጭነት መኪና ላይ ተቀምጦ አቧራ እየጠጣ ይሄድበት የነበረው መንገድ ዛሬ አስፋልት ሆኗል። ማርሳቢት ላይ ለሻይ ስንወርድ፣ እንግሊዝኛችንን አሰማምረን የተዘጋጀን ሁሉ ዝም አልን። የተናገረው የያቤሎ ልጅ የሆነው ጓደኛችን ነው። ቦረና ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም አለና፣ እርሱ ከባለ ሻይ ቤቱ ጋር ስለ ከብትና ስለ ዝናብ ሲጫወት እኛ በአስተርጓሚ ሻይ አዘዝን። ውጭ አገር የደረስን መስሎን ነበር፤ እርሱ ግን ገና ቤቱ ነበረ።

ያረፍንበት መንደር ከናንዩኪ ከተማ አለፍ ብሎ በኬንያ ተራራ ግርጌ ይገኛል። የምድር ወገብ የሚያልፈው በዚያው አካባቢ ነው፤ ሌሊቱ ግን እንደ ደብረ ብርሃን ይበርዳል። ስለ ምግቡ ብዙ አንልም። ጊቴሪ የሚሉት የበቆሎና የባቄላ ዓይነት ቦለቄ ንፍሮ ነው፤ ኡጋሊ ደግሞ ጠንከር ያለ የበቆሎ ገንፎ ነው። ከእርሱ ጋር የሚቀርበውን ጎመን ሱኩማ ዊኪ ይሉታል፤ ትርጉሙ «ሳምንቱን ግፋው» ማለት ነው። ይህን ስም ለእኛ ካፊቴሪያ ሽሮ ብናውሰው ባለቤቶቹ የሚቀየሙ አይመስለንም።

ሥራው እንዲህ ነበር። መንደሩ ከጫካው ከሚወርድ ወንዝ ውኃ ጠልፎ በቧንቧ ወደ የቤቱ ለማድረስ ኮሚቴ አቋቁሟል። ቧንቧው የዶማና የከብት ኮቴ እንዳያገኘው በጥልቅ ቦይ መቀበር አለበት። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በገመድ ተለክቶ የሚቆፍረው ድርሻ አለው፤ ያልቆፈረ ውኃ አያገኝም። እነርሱ ይህን የመሰለውን የኅብረት ሥራ ሐራምቤ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1963 አገራቸው ነፃ ስትወጣ ጆሞ ኬንያታ የሕዝብ መፈክር አደረጉት፤ በመንግሥቱ ዓርማ ላይም ተጽፏል። የእኛን ደቦና ወንፈል የሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከመሄዳችን በፊት በደብዳቤ፣ «ምን እንሥራላችሁ?» ብለን ጠይቀን ነበር። እንዲህ ያለ ጉዞ በብዙ አገር የሚደረግ ሲሆን፣ እንግዶቹ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ቤት ግድግዳ ቀለም ይቀባሉ። በሚመጣው ዓመት ሌሎች መጥተው ያንኑ ግድግዳ ደግመው ይቀቡታል፤ ግድግዳው ይወፍራል እንጂ ሌላ ለውጥ የለም። የኮሚቴው መልስ ግን አጭር ነበር። በመንደሩ ድርሻቸውን ለመቆፈር ጉልበት የሌላቸው ሽማግሌዎችና ባል የሞተባቸው አሮጊቶች ስላሉ፣ የእነርሱን ድርሻ ቆፍሩ አሉን። ከመጋቢት ዝናብ በፊትም ማለቅ አለበት አሉ። ስማችን በኮሚቴው ደብተር ላይ፣ በየአሮጊቶቹ ስም አንጻር ተጻፈ። ስድስት ቀን ሙሉ ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆፈርን። በስድስተኛው ቀን አንዲት እናት ከደጃቸው ወጥተው፣ ጥልቀቱ ምልክት የተደረገበትን በትር ይዘው፣ ቦዩን ከዳር እስከ ዳር እየለኩ ተረከቡን። ምስጋናም ሆነ ንግግር አላደረጉም፤ ደብተሩ ላይ ፈርመው ገቡ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚህ ነገር ላይ ጥቂት እንድንቆይ ፍቀዱልን። እኛ ኢትዮጵያውያን የውጭ አገር ወጣቶችን ስንቀበል ኖረናል። እ.ኤ.አ. በ1962 የሰላም ጓድ አስተማሪዎች ወደ አገራችን መጥተው በየአውራጃው አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየገጠሩ እንዲያገለግል ተደነገገ። ሁለቱም ረጅም ጊዜ የሚወስድ፣ በአብዛኛውም የአስተማሪነት አገልግሎት ነበር። ተማሪ ወደ ገጠር ሲወርድ አስተማሪ ሆኖ መውረድ ለምዶበታል። ገበሬው ወንበር ያቀርብለታል፤ እርሱም ተቀምጦ ስለ ንጽሕና ይናገራል። በዚያ መንደር ግን ወንበር ያቀረበልን የለም። ንፍሮ አቀረቡልን፣ ዶማ ሰጡን፣ ድርሻችንን ለኩልን። በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ የገበሬ ኮሚቴ አዞን ሠራን፤ ሥራችንም በበትር ተለካ። አገር ቤት ቢሆን «ተማሪ ናቸው፣ ይድከማቸው አይገባም» ተብለን ከጥላ ሥር ነበር የምንውለው።

ተራራውን መውጣት የተፈቀደልን ቦዩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ይህም የመምህራኖቻችን ብልኀት ነበረ። በሲሪሞን በር በኩል ከ2,650 ሜትር ተነሥተን፣ የመጀመሪያውን ሌሊት በ3,300 ሜትር፣ ተከታዮቹን ሁለት ሌሊቶች በ4,200 ሜትር አደርን። የአዲስ አበባ ልጅ ከፍታ ለምዷልና አይታመምም የሚል ወሬ በመካከላችን ነበር። እርግጥ ከባሕር ጠረፍ ከሚመጣ ሰው ይሻላል፤ ነገር ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ፈጥኖ ለሚወጣ ማንም ሰው ዋስትና የለውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲበረታ መድኃኒቱ መውረድ ነው። በሁለተኛው ሌሊት ሁለቱ ጓደኞቻችን ምግብ እምቢ አላቸው፤ አንደኛው ሲራመድ ይንገዳገድ ጀመር። መሪያችን ክርክር አልሰማም፤ በባትሪ ብርሃን ይዟቸው ወረደ። አብረዋቸው የወረዱት፣ ይህን ተራራ ለማየት ለዓመታት ሲመኙ የኖሩት መምህራችን ናቸው። ዛሬ እዚህ ስለ ተቀመጡ ከዚህ በላይ አንናገርም። ሕመምተኞቹ ከበሩ ሲደርሱ ድነው ሻይ ይጠጡ ነበር።

የቀረነው ከሌላው መሪ ጋር ጎሕ ሲቀድ ሌናና ከተባለው ጫፍ፣ 4,985 ሜትር ላይ ደረስን። ከሁሉ የሚበልጠው ባቲያን 5,199 ሜትር ሲሆን፣ ያለ ገመድና ያለ ልምድ አይሞከርም። ኪኩዩዎች ተራራውን ኪሪኛጋ ይሉታል፤ የአምላካቸው የንጋይ ማረፊያ ነው ብለው ወደ እርሱ ዞረው ይጸልዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የማው ማው ታጋዮች የተሸሸጉትም በዚሁ ጫካ ነው። እኛን ግን ያስገረመን ዕፅዋቱ ነው። ከጫካው የላይኛው ጠርዝ ኮሶ አገኘን፤ የሳይንስ ስሙ ሐገኒያ አቢሲኒካ መሆኑን የእርሻ ተማሪው ጓደኛችን ሦስት ጊዜ ነገረን። ከዚያ በላይ አስታ፣ ከአስታው በላይ የሰሜን ተራሮች ጅብራ ዘመድ የሆነ ተክል ቆሟል። በረዶው ግን እየሳሳ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መግለጫ የኬንያ ተራራና የኪሊማንጃሮ በረዶ እስከ 2050 ድረስ ሊጠፋ እንደሚችል ተናግሯል። የመንደሩ ውኃ ከበረዶው ይልቅ በጫካው ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፣ ኮሚቴው ዛፍ በሚቆርጥ ላይ ቅጣት ደንግጓል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ። «አገር ቤት አይቆፈርም ወይ?» ለሚለው፣ ክረምቱን በአገር ቤት በሥራ ላይ ያላሳለፈ ተማሪ ለጉዞው እንዳይመዘገብ ሐሳብ እናቀርባለን። ስለ ገንዘቡ፣ ካሉት ቦታዎች እኩሌታው በዕጣ እንዲሰጥና ወጪው ከኅብረቱ ሻይ ቤት ገቢ እንዲሸፈን እንጠይቃለን። የሻይ ቤቱ ኮሚቴ ፊቱን እንዳጠቆረ ከዚህ ይታየናል፤ ሒሳቡን ግን አብረን ሠርተነዋል፤ ይበቃል። ሥራውንም ምን ጊዜም ተቀባዮቹ ይምረጡ።

የቀረው አንድ ጉዳይ ነው። ባለፈው ሳምንት ከዚያ መንደር ደብዳቤ ደርሶናል። ቧንቧው ተቀብሮ ውኃው መጥቷል። አሥራ ሁለት ወጣቶች በጥቅምት ወደ እኛ ለመምጣትና ሰሜን ተራሮችን ለማየት አስበዋል። ከዚያ በፊት ግን የትኛው መንደር ምን እንደሚያስቆፍራቸው፣ ዶማም ይዘው ይምጡ እንደ ሆነ ጠይቀዋል። መልሱን ገና አልጻፍንም።