«የለብህም» ሲባል

ዛሬ እንግሊዝኛ ስንማር ብዙዎቻችንን የምታደናቅፍ ቃል ይዘን መጥተናል፦ «የለብህም»።

ክረምት ነው እንበል። ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ ወደ መጋላ ልትሻገር ስትል አንድ አባት «ልጄ፣ የደቻቱን ወንዝ መሻገር የለብህም» ይሉሃል። ሰማዩ በተራራው በኩል ከጠቆረ ይህ ክልከላ ነው። በ1998 ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ያደረሰውን ጥፋት የሚያውቅ ሰው ቃሉን አይንቅም። እንግሊዝኛው እዚህ ላይ «ማስንት» ይላል። የምትፈልገው ዕቃ እዚሁ ከዚራ ከተገኘ ግን ያው «የለብህም» «አትድከም፣ ግዴታ የለብህም» ይሆናል፤ ይህ «ዶንት ሃቭ ቱ» ነው። አማርኛችን በሁኔታውና በድምፁ የሚለየውን እንግሊዝኛ በቃል ይለየዋል።

ስህተቱ የሚመጣው «ማስት» እና «ሃቭ ቱ» ሁለቱም «አለብህ» ተብለው ስለሚተረጎሙ ነው። አዎንታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ አሉታቸውም አንድ ይመስለናል። አስተማሪዎች ሆይ፣ እባካችሁ አሉታውን ለብቻው አስተምሩት።

ሌላው ነጥብ ቀላል ነው። ከ«ማስት»፣ ከ«ካን» እና ከ«ሹድ» በኋላ «ቱ» አይገባም። ትናንት መሄድ ነበረብኝ፣ ሄድኩም ለማለት ደግሞ «ማስት» አያገለግልም፤ «ሃድ ቱ ጎ» በሉ።